ኢሜይሉ የማን ልጅ ነው?

በእኛ አገር፣ በደባርቅና በዳባት፣ ልጅ ለመዳር ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሽማግሌ ተሰብስቦ አጥንት ሲቆጥር ይውላል። ለኢሜይል ግን አንድ ቤት እንኳ የሚቆጥር አላየሁም።

የአክስቴ ልጅ የአይሱዙ ረዳት ነው። ሊማሊሞ ላይ ኔትወርክ ባንዱ ኩርባ ይመጣል፣ በሚቀጥለው ይጠፋል። ሾፌሩ ፍሬን ለማብረድ ከቆመበት ኩርባ ላይ «እንኳን ደስ ያለዎት! ዲቪ ደርሶዎታል» የሚል ኢሜይል ገባለት። ንስሩ፣ ባንዲራው፣ ማኅተሙ፣ ምኑ ቅጡ! የቀረው በ24 ሰዓት ውስጥ ብር መላክ ብቻ ነው። ፎርም አስሞልቶ ለወራት የሚያስጠብቅ የአሜሪካ መንግሥት ዛሬ ምን አስቸኮለው?

ማታ ቤት ሲገባ በሬው ሊሸጥ ምክር ተጀምሯል። አክስቴ ጥግ ይዛ ዝም ብላ ቆየችና፣

«የላከው የማን ልጅ ነው?» አለች።

«የአሜሪካ መንግሥት ነዋ፣ እማዬ!»

«እኮ፣ አባት የለውም?»

ስልኩን ተቀበልሁ። የኢንተርኔት አድራሻ እንደኛው ስም ነው፤ የራሱ ስም ይቀድማል፣ አባትና አያት ይከተላሉ። (ፈረንጅ እዚህ ላይ ሳያውቀው ተከትሎናል።) የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ አድራሻ የሚያበቃው «ስቴት ነጥብ ጎቭ» ብሎ ነው። ይሄኛው ስቴትንም ጎቭንም ከፊት ደርድሮ፣ ጫፉ ላይ የማይታወቅ ስምና «ነጥብ ኮም» አለ። ከፊት ያለውን ማንም እንደወደደ ይሰይማል። ደግሞ የላኪ አድራሻ ራሱ ይጭበረበራል፤ ስለዚህ ዘሩ ቢያምርም አይታመንም። መሥሪያ ቤቱ ዲቪ ደረሰህ ብሎ ኢሜይል አይልክም። ራስህ ድረ ገጹን ከፍተህ፣ በማረጋገጫ ቁጥርህ ታያለህ። የቪዛው 330 ዶላርም ኤምባሲ ለቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ የሚከፈል ነው።

«ሊንኩን ልንካና ልየው?» አለ ልጁ።

«እንዳትነካው! አጭበርባሪ ነው ብለህ ሪፖርት አድርግና አጥፋው። የይለፍ ቃልህን ሰጥተህ ከሆነ አሁኑኑ ቀይር።»

አክስቴ ስድብ ጻፉልኝ ብላ ነበር። መልስ ከሰጠነው ሰው እንዳለ ያውቅና አይለቀንም ብዬ አስተውኳት።

«የማረጋገጫ ቁጥርህስ?»

«ኢንተርኔት ቤቱ ጋ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ቁጥሩን በወረቀት ይዛ ተመለሰች። እውነተኛውን ገጽ ከፈትን። ንስር የለ፣ እንኳን ደስ ያለህ የለ፤ አልተመረጥክም ይላል በደረቁ።

«እሰይ!» አለች አክስቴ፤ «ልጄም በሬዬም!»