ሐተታ ዘቁራ፦ ወፍን በጥቁር ቀለምና በውኃ ቀለም ስለ መሣል

ወፍ መሣል የሥራ ፈት ጨዋታ የሚመስለው አላዋቂ ይኖራል። ለእርሱ መልስ መስጠት ከክብራችን በታች ስለሆነ እናልፈዋለን። ጥናታችን የሚያተኩረው በደጋው፣ በየቄራው ደጃፍ በሚንጎማለለው ወፍ ላይ ነው፤ እርሱም መንቁሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ነጭ የሆነው ቁራ ነው።

አንቀጽ አንድ፤ ስለ ተሣዩ ጠባይ። የቁራ መልእክተኛ ሄዶ መቅረቱ የታወቀ ነው። ሠዓሊው ብዕሩን ባነሣ ቁጥርም ይኸው ታሪክ ይደገማል። ወፉ ለምን ይበራል? አንድም ፈርቶ ነው፤ አንድም የተጀመረውን ሥዕል አይቶ ነው። እኛ ወደ ሁለተኛው እናዘነብላለን።

እ.ኤ.አ. በ1926 እና በ1927 ከቺካጎው ፊልድ ሙዚየም የጥናት ቡድን ጋር አገራችን የመጣው አሜሪካዊው የወፍ ሠዓሊ ሉዊስ አጋሲዝ ፉኤርቴስ ይህን ችግር በጠመንጃ ፈትቶታል። የሞተ ወፍ የዓይኑና የእግሩ ቀለም ቶሎ ስለሚለወጥ፣ ገና ትኩስ ሳለ በውኃ ቀለም ይሥለው ነበር። አገሩ በገባ በዚያው በ1927 መኪናውን ባቡር ገጭቶት ሞተ፤ ሥዕሎቹ ግን ተረፉ፤ ሙዚየሙም በ1930 ከእነርሱ መርጦ አሳተመ። ዘዴውን አንመክርም። ጠመንጃ የሌለው ትዕግሥት ይግዛ።

አንቀጽ ሁለት፤ ስለ ታላቁ ክርክር። ሊቃውንቱ በሁለት ጎራ ተከፍለዋል። «ጥቁሩ ቀለም ይቅደም» የሚሉት፣ መስመር አጥንት ነው፤ ሥጋ ያለ አጥንት አይቆምም ይላሉ። «ውኃው ይቅደም» የሚሉት ደግሞ፣ ጥላና ብርሃኑ ሳይታወቅ መስመር መጎተት ችኮላ ነው ብለው ይሟገታሉ። ከሁለቱም በላይ የሚፈርደው ጥቁሩ ቀለም ራሱ ነው። ከደረቀ በኋላ በውኃ የሚሟሟ ከሆነ፣ ብሩሹ አንድ ጊዜ ሲያልፍበት ቁራው ጭቃ ይሆናል። ከጥላሸት የሚበጠበጠው የደብተራዎቹ ቀለም ለብራና የከበረ ቢሆንም፣ ከእርጥብ ብሩሽ ጋር አይስማማም። ስለዚህ በብጣሽ ወረቀት ላይ አስምሮ፣ አድርቆ፣ በውኃ መፈተን ግዴታ ነው።

አንቀጽ ሦስት፤ ስለ ጥቁረት። «ቁራ ጥቁር ነው» የሚል ገና ፊደል ያልቆጠረ ነው። ፀሐይ ያረፈበትን ክንፍ ያየ ሰማያዊም፣ ወይን ጠጅም ያገኝበታል። በመሆኑም ስስ ሰማያዊ ይቀባል፤ ይደርቃል፤ ደመቅ ያለው ይደረብበታል፤ ጨለማው መጨረሻ ይገባል። የማጅራቱ ነጭ ግን በጭራሽ አይቀባም፤ ወረቀቱ እንዳለ ይተዋል። በዚህ ጥበብ ከሥራ ሁሉ የሚከብደው እጅን መሰብሰብ ነው። በዓይኑ ላይ የምታበራዋም ነጥብ እንዲሁ ካልተተወች፣ ወፉ እንደ ፉኤርቴስ ወፎች በጥይት የወደቀ ይመስላል።

አንቀጽ አራት፤ ስለ እግር፣ በአጭሩ። ወደ ኋላ የታጠፈውን መገጣጠሚያ ጉልበት አድርጎ የሚሥል ይታረም። ቁርጭምጭሚት ነው፤ ጉልበቱ ላባ ውስጥ ተሸሽጓል።

ከዚህ ሁሉ ምርምር በኋላ የደረስንበት ፍርድ የሚከተለው ነው፦ የወፍ ሥዕል በአብዛኛው የሚበላሸው በእጅ ድክመት ሳይሆን በጥድፊያ ነው። የታችኛው ሳይደርቅ የላይኛውን የሚደርብ ማንም ሰው፣ ሊቅም ቢሆን፣ ብሩሹን ያስረክብ።