ማማ ለሁለት

ላንጋኖ ተበልቷል። ቢሾፍቱ የጎረቤት ግቢ ሆኗል፤ የሥራ ባልደረባ ሳያጋጥም አንድ ሻይ ጠጥቶ መነሣት አይቻልም። ሐዋሳ ዓሣው ጥሩ ነበር፣ ግን አምና ከሌላ ሰው ጋር ተሄዶበታል። ወንጪም የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ ከመረጠው ወዲህ ፈረሶቹ ሳይቀሩ ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ስለዚህ የአዲስ አበባ ፍቅረኞች ካርታውን በጣታቸው ወደ ምዕራብ ገፋ ገፋ አድርገው ኢሉባቦርን አገኟት። እሰየው ነው! አገሩ ጫካ፣ ጫካው ቡና፣ ከቡናው በላይ ዋንዛ፣ ከዋንዛው ላይ ጉሬዛ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛፍ ላይ የተሠራ የሁለት ሰው መኝታ ቤት።

ዕቅድ አውጪዎቹ ቀላል ሰዎች እንዳይመስሏችሁ። አጥንተዋል። ስዊድን ውስጥ ሐራድስ በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተውን ሆቴል ያውቁታል፤ ዛፍ ላይ የተሰቀለው የመስታወት ክፍል ፎቶው ስልካቸው ላይ አለ። የኬንያውን ትሪቶፕስንም ይጠቅሳሉ፤ እንግሊዛዊቷ ልዕልት ኤልሳቤጥ እ.ኤ.አ. በ1952 ከባሏ ጋር ዛፍ ላይ ባደረችበት ሌሊት አባቷ አርፈው፣ ልዕልት ሆና ወጥታ ንግሥት ሆና የወረደችበትን። «ይኸውልሽ» ይላታል ማኪያቶውን እያማሰለ፣ «ዛፍ ላይ ያደረ እንዲህ ይነግሣል።» ከሁለት ዓመት በኋላ የማው ማው ታጋዮች ያንን ቤት እንዳቃጠሉት ግን አያነሣላትም። ለምን ብሎ ያንሣ? የጉዞ ዕቅድ ነው እንጂ የታሪክ ፈተና አይደለም።

የሚፈለገው እንግዲህ ይህ ነው፦ ፊት ለፊት ሐይቅ፣ ዙሪያውን ጫካ፣ ከላይ ኮከብ፣ በአካባቢው ሰው የሚባል ነገር አለመኖር። ሙቅ ውኃ። ነጭ አጎበር፣ ለትንኝ ሳይሆን ለፎቶ። ዋይፋይ፣ «ለክፉ ቀን ብቻ»። አልጋው ላይ በልብ ቅርጽ የተበተነ የጽጌረዳ ቅጠል። ጽጌረዳው ከዝዋይ ወይም ከሆለታ ተቀጥፎ፣ በካርቶን ታሽጎ፣ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተንገላቶ፣ አበባ የሞላበት ጫካ ውስጥ ይገባል። የጫካው አበባ ምን ጎደለው ብሎ የጠየቀ የለም። ቀይ ፊኛም አለ።

ከሐይቁ እንጀምር፤ ሐይቅ የለምና። ኢሉባቦር የወንዝ አገር ናት። ሶር አለ፣ ገባ አለ፣ የሁለቱም መድረሻ ባሮ ነው። ከመቱ ወደ በቾ ወጥቶ፣ ከዚያ በእግር በጫካው ቁልቁል ተወርዶ የሚደረስበት የሶር ፏፏቴም አለ፤ በነጭ ጫማ የወረደ በቀይ ጫማ ይመለሳል። ሐይቅ ካላየሁ ፍቅር አይመጣልኝም ለሚል ደግሞ ጨፌ አለለት። ዝናቡ ሲበረታ ውኃው ስለሚሰፋ ከርቀት ካነሡት ሐይቅ ይመስላል። ችግሩ ጨፌው ውስጥ ሰው መኖሩ ነው። ሴቶች እስከ ጉልበታቸው ገብተው ቄጤማ ያጭዳሉ፤ ያው እናንተ ቤት ለበዓል ቡና ሲፈላ ወለሉ ላይ የሚጎዘጎዘው ዓይነት። የቤት ክዳንም ከዚያው ይወጣል። ወንዶቹ ቦይ ቆፍረው ውኃውን እያንጠፈጠፉ በቆሎ ይዘሩበታል፤ የዳገቱ በቆሎ ሳይደርስ፣ ጎተራው በተራቆተበት ወር፣ እሸት የሚቀመሰው ከዚያ ነው። እነዚህን ሰዎች ከፎቶው እንዲወጡ በትሕትና መጠየቅ ይቻላል። «አባባ፣ ትንሽ ወደዚያ ፈቀቅ ይበሉልን» ቢባሉ እምቢ አይሉም። እንግዳ አክባሪ ሕዝብ ነው፤ ብሮሹሩ ላይም ተጽፏል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ዛፍ ላይ ቤቱ። ኢሉባቦር ይህን ነገር ሰምታው የማታውቅ ይመስል፣ ከአዲስ አበባ ፓወርፖይንት የያዘ አማካሪ እየተጠበቀ ነው። ኧረ በቆሎው እሸት በሚይዝበት ሰሞን ከመቱ ወደ ጎሬም ሆነ ወደ ያዩ የተጓዘ ሰው በየማሳው ያየዋል! አራት ባላ፣ በላዩ ላይ በሐረግ የታሰረ ርብራብ፣ የሣር ወይም የኮባ ክዳን፣ ለመወጣጫ እርከን እርከን ተደርጎ የተጠረበ አንድ ግንድ። አንዳንዱ ባላ መትከል ሳያስፈልገው ዛፉ ቅርንጫፍ ላይ ይረበረባል። ማማ ነው። ግድግዳ ስለሌለው እይታው ዙሪያውን ክፍት ነው፣ ነፋሱም ከአራቱ ማዕዘን ይገባል፣ ኮከቡም በነፃ ነው። ከተፈጥሮ ጋር መገናኘት የሚሉት ነገር ከዚህ በላይ የት ይገኛል? ጥጉ ላይ አፈር ተለስኖ የሚጨስ ጉማጅ ይቀመጥበታል። ከጎኑ ወንጭፍ፣ ጅራፍ፣ የሚደበደብ አሮጌ የዘይት ቆርቆሮ።

በዚህ ቤት የሚያድረው አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ወይም ሊሞላው የተቃረበ ልጅ ነው፤ አንዳንዴ አባቱ፣ አንዳንዴም ሰው ሲጠፋ አያቱ። ቀን ጦጣና ዝንጀሮ፣ ማታ ከርከሮና ጃርት ይመጣሉ። ዝንጀሮ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ጠባቂው የሚያንቀላፋበትን ሰዓት ይጠብቃል። ጃርት ለጩኸት ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ አንድ በአንድ ይነቅላል። ከርከሮ ከነቤተሰቡ የገባ እንደሆነ ደግሞ ጠዋት የሚቀረው የተረገጠ አገዳ ነው። ልጁ እንቅልፍ ሲጥለው ይጮኻል፤ ከወዲያኛው ማማ ሌላው ይመልስለታል፤ ከወንዙ ማዶ ሦስተኛው ይቀበላል። ንጋት ላይ ወርዶ ፊቱን ታጥቦ ትምህርት ቤት ይሄድና ዴስኩ ላይ ይተኛል። መምህሩ ለምን ተኛህ ብሎ አይጮኽበትም፤ እሱም የማማ ልጅ ነበር።

እንግዲህ የእኛ ጥንዶች ዳጎስ ያለ ብር ከፍለው ሊያድሩበት የጓጉት በዚህ ዓይነት ቤት ነው። ልጁ ላለመተኛት የሚወጣበት ላይ እነሱ ለመተኛት ይወጣሉ። አንድ ጥያቄ ብቻ አላቸው፦ ጸጥታ። ከየማማው የሚሰማው ኡኡታ ስሜት ስለሚያበላሽ ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ ረፋድ ቢቋረጥላቸው ይወዳሉ። ለከርከሮዎቹም ይነገርልን።

ከማማ ከፍ ማለት የሚሻ ካለም አልተከለከለም፤ ግን ረዣዥሞቹ ዛፎች ተይዘዋል። ቀረሮውን ቀና ብላችሁ እዩት፤ ቅርንጫፉ ላይ ሞላላ ቀፎዎች ተጋድመዋል፣ ንብ ገብቶባቸዋል። ባለቤቱ የሚወጣው ማታ ነው፣ ንቡ ሲረጋ። በገመድ ከግንዱ ጋር ታስሮ፣ ጭስ ይዞ፣ እግሩን ቅርፊቱ ላይ እያሳረፈ፣ ጨለማውን ሽቅብ። ሚስቱ ከታች ዕቃ ይዛ ትቆማለች። «ያዝ! ቀስ! በግራ በኩል!» ትላለች። ይህ ንግግር ለዕቅዱ አዘጋጆች የፍቅር ንግግር አይመስልም፤ ሻማ የለበትም። ሰውየው የቆረጠው የጌተማ አበባ ነጭ ማር ጠዋት በትንሽ ሰሃን ለእንግዶቹ ሲቀርብ «ኦርጋኒክ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።

የቦታ መረጣው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የያዩ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ገብቷል፤ ስፋቱ ወደ 167 ሺህ ሄክታር ነው፣ ጥቅሙም አረቢካ ቡና በተፈጥሮ የበቀለበት የዘር ጎተራ መሆኑ። መሃሉ ማንም እንዳይነካው ተከልሏል፤ ዙሪያው ገበሬው ቡናውን እየለቀመ፣ ማሩን እየቆረጠ፣ የጥላ ዛፉን እየጠበቀ የሚጠቀምበት ነው፤ ከዚያ ውጭ እርሻና መንደር። ዕቅድ አውጪያችን ካርታውን አይቶ ወዲያው ጣቱን መሃሉ ላይ አሳረፈ። «እዚህ ጋ! ሰው የለም ይላል።» አዎ፣ የለም፤ አንተም እንዳትኖር ነው።

ዙሪያው ላይ ይሁን ቢባል ወሩ አይመችም። ዝናቡ ጋብ ብሎ መንገዱ የሚደርቀው፣ ሰማዩ የሚጠራው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ቡናውም የሚቀላው ያን ጊዜ ነው። ጎህ ሲቀድ ጫካው በሰው ይሞላል፤ እናት፣ ልጅ፣ ከሩቅ የመጣ ለቃሚ፣ ቅርጫት፣ ሣቅ፣ ዘፈን፣ ሐሜት። ቡና ጠባቂውም ጎጆውን ቀልሶ እዚያው ያድራል። ከሁለት ሰው በስተቀር ማንም የሌለበት የቡና ጫካ የሚገኘው ቡና ያላፈራ እንደሆነ ብቻ ነው። ቡና ካላፈራ ደግሞ ጫካውን ዛፉ ሳይቆረጥ የሚያቆየው ምክንያት ምን ሊሆን እንደሚችል ዕቅዱ ላይ ፈልጌ አጣሁት። በነገራችን ላይ በዚያው በያዩ፣ ከድንጋይ ከሰል ማዳበሪያ እናመርታለን ተብሎ በሜቴክ እጅ ተጀምሮ ብዙ ቢሊዮን ብር ከበላ በኋላ ተገትሮ የቀረ ፋብሪካ አለ። ለፎቶ የሚሆን ፍርስራሽ ለሚወድ ፍቅረኛ ይህም በአማራጭነት ይያዝለት።

ከአዲስ አበባ ሸሽቶ ኢሉባቦር መግባት አዲስ ግኝት እንዳልሆነም ልንገራችሁ። በ1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ከአገር ሲወጡ የመንግሥቱ መቀመጫ ጎሬ ሆነ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ እዚያ ነበሩ፤ ራስ እምሩም ከጎጃም ጦር ቅሬታ ጋር ደረሱ። የጎሬን ክረምት፣ ያንን ማባሪያ የሌለውን ዝናብ፣ በጭንቅ አሳለፉት፤ ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ላይ በጣልያን እጅ ወደቁ። ከዚያ ሽሽት ስለ ፀሐይ አወጣጥ የተጻፈ አስተያየት አልተረፈልንም።

ፍቅርን በፊልም የሠራ ሰውም ኢሉባቦርን አይቷታል። ካርልሃይንዝ በም የኦስትሪያ ተዋናይ ነበር፤ «ሲሲ» በተባሉት ፊልሞች ላይ ወጣቱን ንጉሠ ነገሥት ሆኖ የአንድ ትውልድ አውሮፓውያትን ልብ ያቀለጠ። ስለ ሮማንስ ከሱ የበለጠ ማን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ1981 «ሰዎች ለሰዎች»ን መሠረተ፣ ኢትዮጵያዊት አገባ፣ መቱ ላይ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ግን ሆስፒታል ነው። ምን ዓይነት ዕድል አመለጠው! ከዋንዛው ላይ ሁለት ክፍል ቀልሶ ቢሆን ኖሮ።

የሆነው ሆኖ ዕቅዱ ይጽደቅ። ዋይፋዩን ከመጠየቃችሁ በፊት ግን መናኸሪያ ሄዳችሁ የአገሩ ሰው ትኬት ሲቆርጥ የሚጠይቀውን ጠይቁ፦ «መንገዱ ሰላም ነው?» ከሆነ እሰየው፤ በደሌ ላይ አንድ በደሌ ጠጥታችሁ ማታ መቱ ትገባላችሁ። ባለሀብቱም ተገኝቷል፣ መሬቱም ታይቷል፤ ጨፌው ፊት ለፊት ያለው የበቆሎ ማሳ ነው። ለአካባቢው ወጣት የሥራ ዕድል እንደሚፈጠር በስብሰባ ተነግሯል፤ ሥራውም ከወዲሁ ታውቋል። ጦጣ በመስኮት ገብታ የእንግዶቹን ስልክና ኬክ እንዳትወስድ የሚጠብቅ ልጅ ያስፈልጋል፤ ልምድ ያለው ይመረጣል። ያ የማማ ልጅ ደንብ ልብስ ለብሶ፣ ወንጭፉን አስረክቦ፣ በለሆሳስ እንዲናገር ሠልጥኖ ሥራ ይጀምራል። የአባቱን በቆሎ ማን እንደሚጠብቅ በቃለ ጉባኤው አልሰፈረም፤ ከርከሮዎቹ ግን ስብሰባ ሳይጠሩ ተስማምተዋል።