ውዳሴ ጥራዝ

የቀደሙት ሊቃውንት ንባቡን ዘልቀው ወደ ትርጓሜው ለመግባት ከመምህራቸው እግር ሥር ስንት ክረምት እንደ ተቀመጡ ስናስብ፣ ዛሬ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ያለ ተማሪ ስለ ታላቁ ጸሐፌ ተውኔት ስለ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የጥናት ፕሮጀክት ሠርቶ ለማስረከብ ከምሳ በኋላ ያለችው አንዲት ሰዓት ስለምትበቃው፣ ትውልዳችንን ከድካም ላዳነው ጥበብ ምስጋና ማቅረብ ይገባናል።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቱ ለአምናው ተማሪ የሸጠውን፣ የአምናውም ከካቻምናው የወረሰውን ጽሑፍ ያወጣል፤ ስምና ክፍል ይለወጣል፤ ባለ ቀለም ሽፋን፣ ማውጫና የምስጋና ገጽ ይታከልበታል። በምስጋናውም ልዑል እግዚአብሔር፣ ወላጆችና መምህራን በየማዕርጋቸው ሲወደሱ፣ ሥራውን ሁሉ የፈጸመው የጽሕፈት ቤቱ ልጅ እንደ ጥንት መናንያን ስሙ ሳይጠራ ይቀራል። መምህሩም የተከመረበትን ሁሉ በአንድ ሌሊት ማረም ስላለበት ጥራዙን በመዳፉ መዝኖ ነጥቡን ይሰጣል። የቴፒ ነጋዴ እንኳ ጀንፈል ሲገዛ ከገለባው ውስጥ ስንት ፍሬ እንደሚወጣ ይገምታል፤ ትምህርት ቤት ግን ከእንዲህ ያለ ስስት የራቀ ነውና ከነገለባው ይረከባል።

ከሁሉ የሚደንቀው የዘመን ቁጥሩ ነው። ጸጋዬ የተወለዱት አምቦ አጠገብ፣ ቦዳ በተባለ ስፍራ፣ በ1928 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1936 ማለት ነው። ጥራዙ ግን የፈረንጁን ቁጥር እንዳለ ወስዶ «ዓ.ም.» የሚል ጭራ ይቀጥልበታል። እንግዲህ በአምቦ ተማሪ ሳሉ «ንጉሥ ዲዮኒሶስና ሁለቱ ወንድማማቾች» የተባለውን ተውኔት ደርሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ባሳዩ ጊዜ፣ እኛ የ13 ዓመት ግድም ልጅ ነበሩ የምንላቸው ሰው፣ በጥራዙ ሒሳብ የ5 ዓመት ሕፃን ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ተአምር ከገድለ ቅዱሳን በቀር አይገኝም። ደግነቱ፣ በየካቲት 1998 ኒው ዮርክ ያረፉትን ባለቅኔ ጥራዙ በ2006 ዓ.ም. ስለሚያሳርፋቸው፣ በልደት የተነጠቁት 8 ዓመት በሞት ይመለስላቸዋል፤ ብቻ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከተቀበሩ በኋላ 8 ዓመት በሕይወት መቆየት ግድ ይሆንባቸዋል።

አንድ ነገረኛ ግን፣ እኚህ ሰው በተማሪነታቸው ስለ ጸሐፌ ተውኔት ጥራዝ በማስጠረዝ ፈንታ ራሳቸው ተውኔት ጻፉ፤ «ሀሁ በስድስት ወር»ም፣ ወደ አማርኛ የመለሱት «ኦቴሎ»ም በአንደበት ሊነገሩ የተደረሱ ናቸውና፣ ተማሪዎቹ አንዲት ትዕይንት ከቡናው ጥላ ሥር ቆመው ቢጫወቱ፣ ቤንችኛ ወይም ሸክኛ ሲናገር ያደገውም ልጅ የኢያጎን ተንኰል በአፍ መፍቻው ቢሞክረው ምን ይጎዳል ሊል ይችላል። ጉዳቱማ ግልጽ ነው! ተማሪው መጽሐፉን ማንበብ ሊኖርበት ነው፤ መምህሩም እንዲሁ፤ ጩኸቱም የጎረቤቱን ክፍል ከግልበጣው ያናጥበዋል፤ ይልቁንም ድምፅ አይጠረዝም።

ስለዚህ ነገሩ በነበረበት ይጸናል። ለመጪው ሴሚስተር «ሮሜዎና ዡልየት»ን ወደ አማርኛ የመለሱት የከበደ ሚካኤል ተራ ነው አሉ፤ ጽሕፈት ቤቱም ስሙን ከወዲሁ ተክቶ ጨርሷል፤ ብቻ የመንዙ ሰው በ4ኛው ገጽ ላይ አሁንም አምቦ አጠገብ ይወለዳሉ።