ጎዶሎ ብዕር፣ መለያውና መጠገኛው

ጎዶሎ ብዕር የሚባለው ከክፍሎቹ አንዱ የጠፋበት፣ ሆኖም መጻፉን ያልተወ ወይም ይጽፋል ተብሎ ገና ተስፋ ያልተቆረጠበት መጻፊያ ነው። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በብዛት የሚገኘው ይኸው ዝርያ ነው፤ ሙሉው ብዕር ከሱቅ መስታወትና ከምርቃት ቀን የደረት ኪስ ውጭ እምብዛም አይታይም። የብራና ጸሐፊዎች በዚህ ጉዳይ አልተቸገሩም። መቃ ብዕር አንድ ወጥ ስለሆነ ወይ አለ ወይ የለም። ጎዶሎነት የመጣው ክዳን፣ ቀፎና የቀለም ከረጢት በየፊናቸው መጥፋት ሲጀምሩ ነው።

በዕድሜ የሚቀድመው ከጠርሙስ ቀለም እየመጠጠ የሚሞላው ብዕር ነው። ዛሬ የሚገኘው ጡረታ በወጡ መምህራንና የመዝገብ ቤት ሠራተኞች መሳቢያ ውስጥ፣ ከድሮ መታወቂያና በሩ ከማይታወቅ ቁልፍ ጋር ነው። የትም ይሠራ የት፣ በባለቤቱ ዘንድ ስሙ ፓርከር ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1941 ለገበያ የቀረበው ፓርከር 51 የብረት ጫፉን በቀፎው ሸፍኖ መጣ፤ ቆየት ብሎ የሻንጋዩ ሂሮ ይህንኑ መልክ ይዞ በረከሰ ዋጋ ተሠራ። የሁለቱም ማንጠልጠያ ቀስት ነው። ለመለየት የሚያስችለው ክዳኑ ሲሆን፣ በክዳኑ ግርጌ የቻይና ፊደል ከተገኘ ክርክሩ ያበቃል። ከሁሉ በፊት የሚጠፋው ክዳኑ የሆነውም በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ጥገናው ከጥበብ ይልቅ ትዕግሥት ይፈልጋል። በውስጡ የደረቀውን ቀለም ንጹሕ ውሃ እየመጠጡና እየተፉ፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ማጠብ ነው። አንድ ሌሊት መዘፍዘፍ ይረዳል፤ የፈላ ውሃ ግን ቀፎውን ያጣምመዋል። የጎማ ከረጢቱ ከደረቀና ከተሰነጠቀ ከሌላ ብዕር ተነቅሎ ይገባለታል። በዚህ ጊዜ የተነቀለበት ብዕር ጎዶሎ ይሆናል፤ የጉድለቱ ቁጥር አልቀነሰም፣ ዝውውር ብቻ ተፈጽሟል።

መልክዓ ምድሩም የራሱን አስተዋጽኦ ያደርጋል። ከአዲስ አበባ ወደ ሱሉልታ የሚወስደው መንገድ እንጦጦን ይሻገራል። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ ግማሹ በጎደለ ብዕር ውስጥ የታፈነው አየር ይሰፋና ቀለሙን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ብዕሩ ተፋ የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ መያዝ ወይም ጢም አድርጎ መሙላት ያድናል። በደረት ኪስ ላይ የሚታይ ሰማያዊ ክብ የሱሉልታ ተመላላሽ መለያ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል፤ የሰበታና የቡራዩ ተመላላሽ ግን ለዚሁ ክብ ሌላ ምክንያት ማቅረብ ይጠበቅበታል።

ሁለተኛው ዝርያ እስክሪብቶ ነው። ቢክ የሚታወቅበትን መልክ ይዞ በፈረንሳይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1950 ሲሆን፣ ሁሉም ክፍሉ ምክንያት አለው። የቀፎው ስድስት ማዕዘን ከጠረጴዛ እንዳይንከባለል ነው፤ በካሴት ዘመን ግን ቴፕ መጠምጠሚያ ሆኗል። በቀፎው ጎን ያለችው ቀዳዳ አየር ታስገባለች። የክዳኑ አናት እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የተበሳው የዋጠው ልጅ እንዳይታፈን ነው፤ ክዳኑን ጆሮ መኮርኮሪያ ያደረጉ አዋቂዎች ግን አልታሰቡም። የኋላ መድፈኛው ይታኘካል፤ ቀለሙ የወጣለት ቀፎ ደግሞ የተላመጠ ወረቀት መተኮሻ ሆኖ ክፍል ውስጥ ያገለግላል።

የጉድለት ዋናው መንስኤ ግን ውሰት ነው። «ጋሼ፣ እስክሪብቶዎን ላንዴ» ሲባል ልምድ ያለው ሰው ክዳኑን ነቅሎ በእጁ ያስቀርና ቀሪውን ይሰጣል። ክዳን የሌለው እስክሪብቶ ኪስ አይገባም ከሚል እምነት የመነጨ መያዣ ነው። ይገባል። ባለቤቱ ክዳን እንደያዘ ቤቱ ይደርሳል፤ ክዳኑ ኪሱ ውስጥ እስካለ ድረስም እስክሪብቶ እንዳለው ያምናል። ተዋሹ በበኩሉ የማን እንደሆነ ረስቷል። ከሳምንት በኋላ ሁለቱ ቀበሌ መስኮት ላይ ጎን ለጎን ይቆሙና እስክሪብቶ ከሦስተኛ ሰው ይጠይቃሉ።

መሥሪያ ቤቶች ለዚህ ያገኙት መድኃኒት ሲባጎ ነው። ሲባጎው ፎርሙ ላይ ፊርማ ከሚያርፍበት ቦታ ሁልጊዜ በጥቂቱ ያጥራል፤ ስለዚህ ፊርማዎች ወደ ላይ ተንጋደው ይገኛሉ። ብዙ ሳይቆይ የሚቀረው ሲባጎው ብቻ ነው።

ዕድሜን ለመገመት ጽሑፉ ይነበባል። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ወደ ሸገር ከተማ ስለተጠቃለሉ፣ በቀፎው ላይ «የቡራዩ ከተማ አስተዳደር» የሚል ከተገኘ ብዕሩ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። የሥልጠና ርእስ የታተመበት ከሆነ ግን ቀኑን መፈለግ አያስፈልግም፤ ሥልጠናው በየዓመቱ ይሰጣል።

አልጽፍ ያለን እስክሪብቶ ለማስነሣት አራት ዘዴዎች ይታወቃሉ። እፍ ማለት ምንም አይሠራም፤ ለጸሐፊው ማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል። በመዳፍ ማሸት እውነተኛ ጥቅም አለው፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወፍራም ስለሆነ በሱሉልታ ጠዋት ብርድ ይጠጥራል፣ ሲሞቅ ይላላል። ክብሪት ያው ሥራ በፍጥነት ይሠራል፤ ፕላስቲኩንም ያቀልጣል። በጫማ ሶል ላይ መጫር የተጣበቀችውን ኳስ ያላቅቃል፣ አቧራም ያጎርሳታል።

በአራቱም ያልዳነ ብዕር አይጣልም። ጠረጴዛ ላይ ወዳለው ብርጭቆ ተመልሶ ለሚቀጥለው ባለጉዳይ ይቀርባል። ስለዚህ ፎርም ሊሞላ የሚወጣ ሰው የራሱን ይዞ ይውጣ፤ ክዳኑን ግን ቤት ይተው።