ለፏፏቴ የማትሆን ፀሐይ

የቱሪዝማችን አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በንጉሡ ዘመን አገራችንን «የ13 ወር ፀሐይ» በሚል መፈክር ለዓለም አስተዋወቋት። መፈክሩ ብርድ የሰለቸውን ፈረንጅ ለመጥራት ግሩም ነበር፤ የጫካ ፏፏቴ ፎቶ ለሚያነሣ ሰው ግን ከዚህ የባሰ ምክር ማግኘት ይቸግራል። የእኛ ሰው ፏፏቴ ሊያይ የሚወጣው ሰማዩ ጥርት ሲል ነው። ደርሶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ልክ በቀትር ካሜራውን ይደግናል። ፎቶው ላይ ውሃው መልክ የሌለው ንጣት፣ ዛፉ ድፍን ጥቁር፣ መሬቱ ደግሞ ጉራማይሌ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ጥፋቱ በስልኩ ይሳበብና ውድ ስልክ ይገዛል። እኔ ግን ስልኩ ንጹሕ ነው፣ የምትከሰሰው ፀሐይ ናት ባይ ነኝ።

ማስረጃው እነሆ። በቅርንጫፍ መሃል ሾልካ ውሃው ላይ ያረፈች ጨረር ከጥላው ሥር ካለው ድንጋይ በብዙ እጥፍ ታበራለች። ዓይናችን ውሃውን ሲያይ ብሌኑን ያጠባል፣ ወደ ጥላው ሲዞር ያሰፋል፤ አእምሯችንም ሁለቱን አገጣጥሞ አንድ ያማረ ሥዕል ያቀብለናል። ካሜራ ይህ ዕድል የለውም። በጠባዩ አስታራቂ ሽማግሌ ነው፤ ጥቁሩም ነጩም ትንሽ ትንሽ ትቶ መካከለኛ ግራጫ ላይ እንዲስማማ ይፈልጋል። ምስሉን የሞላው ጨለማ ጫካ ስለሆነ ሽማግሌው «ብርሃን ይጨመርለት» ብሎ ይፈርዳል፤ ካሣውን የሚከፍለው ግን ውሃው ነው። ስለዚህ በፍርዱ ጣልቃ መግባት ያስፈልጋል፦ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን፣ አንድ ደረጃ ያህል ዝቅ ማድረግ። በብዙ ስልኮች ላይ ውሃውን በጣት ነክቶ አጠገቡ ብቅ የምትለውን ምልክት ወደ ታች መሳብ ይበቃል። ምልክቷ የፀሐይ ሥዕል መሆኗን ልብ ይሏል፤ ስልክ ሠሪዎቹም ጥፋተኛዋን ሳያውቋት አልቀሩም። ለምን ወደ ጨለማው እናደላለን ቢባል፣ የጨለመውን በኋላ በኤዲቲንግ ማፍካት ይቻላል፤ ድፍን ብሎ ከነጣ ውሃ ውስጥ ግን ጠብታ ፈልጎ ማውጣት አይቻልም። (ጉሬዛ ለማንሳት የሞከረም ይህን ያውቃል፤ ፍጡሩ ጥቁርና ነጩን በአንድ ገላ ላይ ይዞ ነው የሚዘለው።)

ይህ ሁሉ ግን ማስታገሻ ነው። መድኃኒቱ ደመና ነው። ደመና ሲጋርድ ብርሃኑ ከአንድ አቅጣጫ መምጣቱ ይቀርና ከመላው ሰማይ ይወርዳል፤ በውሃውና በጥላው መካከል ያለው ጠብም ያለ ሽማግሌ ይበርዳል። ለዚህ ከኢሉ አባቦር የተሻለ ቦታ አላውቅም። የሶር ፏፏቴ ያለበት ጫካ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር ዝናብ የሚያገኝ ነው፤ ሽርሽረኛ የሚያማርረው ሰማይ ለፎቶ አንሺ ሲሳይ ነው። በዝናብ የራሰ ቅጠል በደመናም ቢሆን የሰማዩን ንጣት እያንጸባረቀ አረንጓዴውን ይደብቃል፤ ፖላራይዘር የሚባለውን ፊልተር ሌንሱ ላይ ገጥሞ ቀስ አድርጎ ማዞር ያን ነጸብራቅ ይገፈዋል። ፊልተሩ በምላሹ ብርሃን ይሻማል፣ እስከ ሁለት ደረጃ ድረስ። ይሻማ! ብርሃን ሲያንስ ሹተሩ፣ የካሜራው መዝጊያ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ይከፈታል፤ ለግማሽ ወይም ለአንድ ሰከንድ ተከፍቶ ሲቆይ ነው ውሃው የሚለሰልሰው። ትራይፖድ ግን የግድ ነው፤ የማይንቀጠቀጥ እጅ አለኝ የሚል ሰው ቡና አይጠጣም ማለት ነው።

«ቀስተ ደመናስ?» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ቀስተ ደመና ያለ ፀሐይ አይወጣም፤ ፀሐይዋም ከጀርባችን ዝቅ ብላ መሆን አለባት። ይህ እንደ ጢስ ዓባይ ላለ ገላጣ ቦታ ይሠራል፤ በጥቅጥቅ ጫካ ግን ጨረሯ ርጭቱ ድረስ የምትደርሰው ስንት ጊዜ ነው? ሌላው «በክረምት ውሃው ይደፈርሳል» ይላል። ይደፈርስ፤ ቡናማ ውሃ ከነጩ ያነሰ ስለሚያንጸባርቅ ለካሜራ ይበልጥ ይገራል። መልኩ ያልጣመው ሰው ዝናቡ ቀለል እስኪልና ውሃው እስኪጠራ ጠብቆ፣ ደመናማ ጠዋት መርጦ ይሂድ። «የተለሰለሰ ውሃ ውሸት ነው» የሚሉት ቁም ነገረኞችም አሉ። በአንድ ሺህኛ ሰከንድ አየር ላይ የተገተረ ጠብታስ ማን በዓይኑ አይቶ ያውቃል? ሁለቱም የካሜራ እንጂ የዓይን አይደሉም፤ እኔ የሚፈሰውን እመርጣለሁ።

የማልመልሰው ተቃውሞ አንድ ብቻ ነው፦ ፏፏቴው ፊት ቆሞ መነሣት የሚፈልግ ዘመድ። ሹተሩ አንድ ሰከንድ ሲከፈት ድንጋዩ ይታገሣል፣ ግንዱ ይታገሣል፤ አጎት ግን ኮቱን ያስተካክላል፣ ወይም «አነሣኸው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ፎቶው ላይም አፉ ሁለት ሆኖ ይወጣል።