ታላቅ አገር ጎረቤቱን አያጠናም

የታላቅ አገር ዜጋ መሆን ከሚያስገኛቸው ጥቅሞች አንዱ የማንንም ታሪክ ለማጥናት አለመገደድ ነው። ትንንሾቹ ያጥኑ፤ ትልቁን ማወቅ የሚጠበቅባቸው እነሱ ናቸው። እኛ የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ አለን፤ ዓድዋ አለን፤ የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት ደጃችን ላይ ነው። ዓለም ተሳፍሮ እኛ ዘንድ እየመጣ ሳለ እኛ ወደ እሱ የምንደክምበት ምክንያት አይታይም። ፖሊሲያችንም ይህን ጥበብ ጠንቅቆ ተረድቷል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ወጣት 70 በመቶው የተፈጥሮ ሳይንስ፣ 30 በመቶው የማኅበራዊ ሳይንስ ይማር ተባለ፤ ታሪክም ከሠላሳው ላይ የድርሻውን እንዲለምን ተተወ። አገር በኢንጂነር እንጂ በታሪክ ተመራማሪ አትለማምና ውሳኔው ያስመሰግናል። የተቆጠበው ጊዜ ምን እንዳፈራ ማየት የሚሻ የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ያስታውስ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የፈረንሳይን አብዮት ሳይሸመድዱ ያተረፉት ሰዓት ፊዚክሱንም አላዳነውም።

ታሪክ ጨርሶ ተረስቷል ማለት ግን ሐሜት ነው። ሮቤ ያለው መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የገባ ፍሬሽማን፣ እንደ ሌላው ሁሉ፣ «የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ» የሚል ኮመን ኮርስ ይጠብቀዋል። ዓለም ቀንዱ ላይ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ባሕር ነው። ዩኒቨርሲቲው ስሙን የወሰደው በ16ኛው መቶ ዘመን የኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴ ከሚያያዝበት ከመደ ወላቡ ነው። በዚያው መቶ ዘመን ባሌ በክርስቲያኑ መንግሥትና በአዳል መካከል የጦር ሜዳ ነበረች። የአዳሉን መሪ የኢማም አሕመድን የቱርክ ጠመንጃና በ1541 (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የመጡትን 400 የፖርቱጋል ወታደሮች ተማሪው ስማቸውን መስማቱ አይቀርም። ነገር ግን ኦቶማኖች በ1517 ግብፅን መያዛቸውንና ፖርቱጋሎች የሕንድ ውቅያኖስን ንግድ መሻማታቸውን ለማያውቅ ሰው፣ ሁለቱም ከሰማይ የወረዱ ዱብ ዕዳ ናቸው። ኢስታንቡልና ሊዝበን ከቀንዱ ውጭ ስለሆኑ ልጁን በእነሱ ባናደክመው ይሻላል።

ቅርብ ወዳለው፣ የሽማግሌዎች ትዝታ ውስጥ ወዳለው፣ ወደ ባሌ አመፅ እንምጣ። ከ1963 ጀምሮ ካሂን አብዲ በኤልከሬ፣ ዋቆ ጉቱም በሌላው የባሌ ክፍል ሲያምፁ፣ የጠቅላይ ግዛቱ መዲና ጎባ ነበረች። የመሬት ቅየሳው፣ የግብሩ ክምር፣ ከላይ የተሾመው ሹም ንቀት፤ ይህ ሁሉ የአገር ቤት ጉዳይ ነው፤ እሰየው፣ ቀንዱን አልተሻገርንም። ችግሩ የሚመጣው ተማሪው እጁን አውጥቶ «ገበሬው ጠመንጃውን ከየት አመጣው?» ብሎ የጠየቀ ዕለት ነው። መልሱ ከድንበር ማዶ ነው፤ ሶማሊያ በ1960 ነፃ ስትወጣ ባንዲራዋ ላይ የነበረው ኮከብ አምስት ጫፍ አለው፤ አንዱ ጫፍ ኦጋዴን ነው። በ1963 ምዕራባውያን ያቀረቡላትን ወታደራዊ እርዳታ አነሰኝ ብላ ትታ ከሶቪየት ኅብረት 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ተቀበለች። የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ደግሞ ከ1953 ጀምሮ፣ አሜሪካ አሥመራ ላይ ለያዘችው የቃኘው የጦር መገናኛ ጣቢያ ምላሽ፣ በአሜሪካ ይሠለጥንና ይታጠቅ ነበር። በ1967 የሶማሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢጋል ከአዲስ አበባ ጋር መታረቅን ሲመርጡ ለአመፀኛው የሚደርሰው ድጋፍ ሳሳ፤ በ1970 ዋቆ ጉቱ እጃቸውን ሰጡ። ሰባት ዓመት ቆይቶ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ሲገባ ሞስኮ ወገን ቀየረች፣ ኩባውያን በኢትዮጵያ በኩል ተሰለፉ፣ ሁለቱም ጦሮች በሶቪየት መሣሪያ ተጨፋጨፉ። የባሌ ገበሬ ዕጣ ከሞቃዲሾ፣ ከሞስኮና ከዋሽንግተን ጋር እንዲህ ተቆላልፎ ሳለ፣ እኛ ታሪኩን በአገር ውስጥ መጋረጃ ጋርደን እናስተምራለን። ጎበዝ መምህር ይህን ካስተማረ ደግሞ ከሲለበሱ ወጥቷል ይባላል።

«ታዲያ አመፁ የባዕድ ሥራ ነው ልትል ነው?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። አይደለም፤ ያን ማለት የፈለገው የዘመኑ መንግሥት ነው፣ ቅሬታውን ላለመስማት ምቹ ነበረና። ቅሬታው የባሌ ነው፤ ለምን በዚያ ዓመት ፈነዳ፣ ለምን ያን ያህል ዘመን ቆየ፣ ለምን ሰከነ የሚለው ግን ያለ ዓለሙ ታሪክ አይመለስም። ከዚህ የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ የባሌ ልጅ የራሱ ታሪክ በመማሪያ መጽሐፍ ሳይበቃው ስለ ናፖሊዮን ይማር ማለት ግፍ አይደለም ወይ? ይህ ተቃውሞ እውነት አለበት፣ በፌዝም አይታለፍም። ሆኖም የባሌን ታሪክ መጻፍ የሚፈልግ ሰው የጣሊያን፣ የእንግሊዝ፣ የሶማሊያና የሶቪየት ሰነድ ሳይገልጥ የት ድረስ ይሄዳል?

ፖለቲካው የሰለቸው ወደ ማሳው ይውጣ። የሮቤ ሜዳ ላይ ኮምባይነር የሚያጭደው ስንዴ ለረጅም ጊዜ ኩብሳ የሚባለው ዝርያ ነበር፤ ኩብሳ ሜክሲኮ ከሚገኘው የስንዴና የበቆሎ ምርምር ማዕከል፣ ከሲሚት፣ የተገኘ ነው። ቁመቱን አሳጥሮ ምርቱን ያበዛው ባሕርይ ከጃፓኑ የስንዴ ዝርያ ከኖሪን 10 የወረደ ነው፤ ያንን ዘር ከጃፓን ያወጣው በ1946 ከአሜሪካ ወረራ ጦር ጋር የነበረ የግብርና ባለሙያ ነው። በ2010 ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ኩብሳን ሲያነደው ገበሬው ዲገሉ ወደሚባለው ዝርያ ዞረ፤ በ2013 መጨረሻ ደግሞ ቀደም ሲል በመካከለኛው ምሥራቅ የታየ የግንድ ዋግ ባሌና አርሲ ላይ ዲገሉን ጨረሰው። አገዳውን በጣት ሲያሹት ሸክላ የመሰለ ቀይ ዱቄት እጅ ላይ ይቀራል፤ ያ ዱቄት በነፋስ ተሳፍሮ ድንበር ይሻገራል፣ ቪዛ አይጠየቅም። ማሳው ላይ የሚበተነው ዩሪያ መነሻው የጀርመን ቤተ ሙከራ ነው፤ በ2022 ዋጋው ሰማይ የነካው የዩክሬን ጦርነት በማዳበሪያና በጋዝ ገበያው ላይ ስለወደቀ ነው። የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ግዴታው ስለሆነ። ዜጋው ግን የታላቅ አገር ዜጋ ነው፣ ለምን ይጨነቃል?

«እኛ ኃያል ነን ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ትሑት ሰውም አይጠፋም፤ ብድርና የዕርዳታ ስንዴ የምንቆጥር ነን ይላል። ኃያልነት የሚለካው በጎረቤት ዓይን ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት፣ ዓባይን የገደበች አገር ለጅቡቲና ለሶማሊያ ተራ ጎረቤት አይደለችም። እንግሊዝ በ1954 የሐውድን የግጦሽ መሬት ለኢትዮጵያ ለማስረከብ ፈረመች። ለእኛ ርስታችን መመለሱ ነው፤ ለሶማሌው ሌላው በእሱ መሬት ላይ መፈራረሙ ነው። ሁለተኛውን መስማት መቀበል ማለት አይደለም፤ ግን ያልሰማ ሰው ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም ሞቃዲሾ ለምን እንደ እሳት እንደ ተቀጣጠለች ሊገባው አይችልም። ብዙዎቻችን አልገባንም፤ ወደብ ብቻ እኮ ነው የጠየቅነው አልን። በዚያው ዓመት ነሐሴ ግብፅ መሣሪያ በአውሮፕላን ጭና ሞቃዲሾ ስታራግፍ እንደ አዲስ ነገር ደነገጥን። ሶማሊያ ከአዲስ አበባ ጋር ስትጋጭ የሩቅ አጋር እንደምትፈልግ በ1960ዎቹ የባሌ ሰው በጠመንጃው ዓይነት ለይቶ ያውቅ ነበር፤ ይህ ግን የሶማሊያ ታሪክ ነው፣ እኛ ደግሞ የራሳችንን ገና ሸምድደን አልጨረስንም።