የበር ጀርባው ፌስታል፦ የመስክ ጥናት የመጀመሪያ ሪፖርት

በኢትዮጵያዊ ቤት፣ ከኩሽናው በር ጀርባ፣ ከአንድ ምስማር ላይ አንድ ፌስታል ተንጠልጥሏል። በውስጡ ሌሎች ፌስታሎች አሉ። ስለ ዕድር፣ ስለ ዕቁብና ስለ ጽዋ ማኅበር ብዙ ወረቀት ያቀረቡ ምሁራን ይህን ተቋም ሳያነሡት አልፈዋል። ምክንያቱ የጥናት ዘዴ ችግር ይመስላል፤ በሩ ሲከፈት ፌስታሉ ይሸፈናል፣ ምሁሩም እንግዳ ነውና ሳሎን ተቀምጦ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ መጠይቁን አስሞልቶ ይሄዳል። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት ገብቶ በሩን ዘግቷል።

ሥራው አስቸኳይ የሆነው የሚጠናው ነገር ሕገ ወጥ ስለሆነ ነው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ የአንድ ጊዜ መጠቀሚያ ፌስታልን ከልክሏል። ይዞ ለተገኘ ግለሰብም ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ቅጣት ተቀምጧል። እዚህ ላይ ሁለት የሕግ ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ አንዲት እናት አንድ ፌስታል ይዘው ቢገኙና በውስጡ ሌሎች ሰባ ቢቆጠሩ ቅጣቱ በውጭኛው ይታሰባል ወይስ በእያንዳንዱ? በእያንዳንዱ ከሆነ የውስጦቹ ብቻ በከፍተኛው ጣሪያ 350,000 ብር ይመጣሉ፤ ይህም ምስማሩን ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ውድ ያደርገዋል። ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። ሕጉ የሚያወራው ስለ «አንድ ጊዜ መጠቀሚያ» ነው። በመስክ ምልከታው ግን አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ ያረፈ ፌስታል አልተገኘም።

በምስማሩ ላይ ያሉት ሁሉ እኩል አይደሉም። ከታች ያለው ስሱ፣ ጉሊት ላይ ቲማቲም የሚቋጠርበት፣ ስም የማይጻፍበት ነው። ከሱ በላይ ያለው የጥቁሩ ማዕረግ ያከራክራል። ውበት የለውም፤ ይዘቱን ስለማያሳይ ግን ከሱቅ እስከ ቤት ያለውን መንገድ በጎረቤት ሳይነበቡ ለማለፍ ተመራጭ ነው። በተለይ በጾም ወራት ከሥጋ ቤት ሲወጣ ክብሩ ከፍ ይላል። የልብስ ቤትና የጫማ ቤት ፌስታሎች፣ ወፍራሞቹና ባለ ጽሑፎቹ፣ ምሳ ወደ ቢሮ የሚሄድባቸው የመካከለኛ ማዕረግ ሹማምንት ናቸው። ከሁሉም በላይ ዘመድ ከዱባይ ሲመለስ ያመጣው የዱቲ ፍሪ ፌስታል አለ። እሱ በር ጀርባ አይሰቀልም። ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ የቤቱ ካርታ፣ የክርስትና ካርድ፣ የጋብቻ ወረቀትና ከአሥር ዓመት በፊት የተከፈለ የግብር ደረሰኝ እሱ ውስጥ ናቸው።

የተቋሙ አባልነት የሚጀምረው ከቋጠሮው ነው። እናት ዕቃው ቤት እንደገባ ቋጠሮውን በጥፍራቸው፣ እምቢ ካለ በጥርሳቸው ይፈቱታል። ልጅ ይቀደዋል። ለመዝገብ ከተያዙት ንግግሮች አንዱ እንዲህ ይላል፦

«ምን አስቸኮለህ? ብትፈታው ምን ትሆናለህ?»

«እማዬ፣ ፌስታል እኮ ነው!»

«አዎ፣ ፌስታል ነው። የገዛኸው አንተ ነህ?»

የመጨረሻው ጥያቄ ለዚህ ጥናት ወሳኝ ስለሆነ ኋላ እንመለስበታለን።

ከተፈታ በኋላ ይታጠባል፣ ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ይሰጣል፣ በሦስት ማዕዘን ይታጠፋል፣ ወደ ምስማሩ ይመለሳል። ከዚያ ለሹመት ይጠራል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት አቧራ እንዳይገባው የሚለብሰው እሱን ነው። ሐምሌ ላይ ፀጉሯን ተሠርታ የወጣች ሴት ዣንጥላ ብትረሳ ትደፋዋለች። ልጆች ካልሲ ውስጥ ጠቅጥቀው ኳስ ያደርጉታል፤ የአገራችን እግር ኳስ ብዙ ባለ ተሰጥኦዎችን ያስጀመረው በዚህ ጥሬ ዕቃ እንደሆነ ፌዴሬሽኑም አይክድም። ታማሚ ጥየቃ የሚሄደው ብርቱካን እሱ ውስጥ ይገባል፤ ባዶ እጁን የሄደ ሰው ታማሚውን ሳይሆን ራሱን ያሳፍራል። ረጅም መንገድ በሚሄድ አውቶቡስ ረዳቱ ገና ዳገቱ ሳይጀምር ፌስታል ያድላል። የታደለው ተሳፋሪ ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ አመስግኖ ይቀበላል፣ ካልተጠቀመበትም አጥፎ ኪሱ ይከታል። ይህም ወደ ምስማሩ የሚወስደው ሌላኛው የአባልነት መንገድ ነው። የመጨረሻው ሹመት የቆሻሻ ማውጫነት ነው። ቆሻሻ ሰብሳቢው ማኅበር ጋሪውን እየገፋ ሲመጣ ባለ ብዙ ማዕረጉ አገልጋይ የሽንኩርት ልጣጭ ተሸክሞ ከቤት ይወጣል።

አሁን ወደ ክፍያው ጉዳይ እንግባ። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በማርች 2002 በእያንዳንዱ የገበያ ፌስታል ላይ 15 የዩሮ ሳንቲም ጣለች፤ ፍጆታውም ከ90 በመቶ በላይ ወረደ። ዓለም ተደነቀ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2015 በትልልቅ መደብሮች 5 ፔንስ ማስከፈል ጀመረች፣ በ2021 ወደ 10 ፔንስ አሳድጋ ለሁሉም ሱቅ አደረገችው። እዚያም ስሱ ፌስታል ክፉኛ ቀነሰ። በምትኩ ሱፐርማርኬቶቹ «የዕድሜ ልክ» የሚሏቸውን ወፍራም የፕላስቲክ ቦርሳዎች መሸጥ ያዙ። ግሪንፒስና አንድ የአካባቢ ምርመራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ሪፖርት፣ በብሪታንያ በአንድ ዓመት 1.5 ቢሊዮን የዕድሜ ልክ ቦርሳ ተሽጧል፤ ለአንድ ቤተሰብ 54 ይደርሰዋል። አንድ የብሪታንያ ቤተሰብ በዓመት 54 ዕድሜ ይኖራል ማለት ነው። ማቱሳላ አንዱን ዕድሜ 969 ዓመት አስረዝሞ ነው ስሙ የቀረው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ ሪቤካ ቴይለር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ አንድ ነገር አስተውለዋል። የገበያ ፌስታል በተከለከለባቸው ከተሞች የትናንሽ ቆሻሻ ማውጫ ፌስታሎች ሽያጭ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ሰዉ በነፃ ያገኘውን ፌስታል ለካ ቆሻሻ ያወጣበት ነበር፤ ሲከለከል ለቆሻሻው ብሎ አዲስ ገዛ። ግኝቱ በምጣኔ ሀብት መጽሔት ታትሟል። የቆሻሻ ማኅበሩ ጋሪ ሲመጣ በር ላይ የቆመ ማንም ሰው ግን ሳይታተም ያውቀዋል።

የእኛ አገር ሁኔታ ለንድፈ ሐሳቡ የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። ሾላ ገበያ ወይም መርካቶ የገባ ሰው «ፌስታል! ፌስታል!» የሚሉ ልጆች ይከቡታል። ፌስታል በአገራችን ያለ አዋጅ፣ ያለ ሚኒስትር መግለጫ፣ ያለ አውደ ጥናት በገንዘብ ሲሸጥ ኖሯል። በአየርላንድ ስሌት ፍጆታችን መውረድ ነበረበት። አልወረደም። ገዢዋ ዋጋውን ሰምታ አትደነግጥም፤ «ሁለቱን በዚህ አድርገው» ብላ ትከራከራለች፣ ወፍራሙን መርጣ ትወስዳለች። የዚህ ጥናት መላ ምት እንደሚከተለው ነው፦ የደብሊኑ ሸማች ቤቱ ሲደርስ ለሚጥለው ነገር ነው ክፍያ የተጠየቀው፤ ስለዚህ ተወው። የሾላዋ ሸማች ግን ንብረት ነው የምትገዛው። ዋጋ ሰውን የሚያስተወው ሊጥለው የነበረውን ነገር ነው። እናትየው «የገዛኸው አንተ ነህ?» ያሉትም የንብረት ክርክር ስለሆነ ነው።

መላ ምቱ በውጭ አገርም ተፈትኗል። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በፌስታል 5 ሳንቲም ታስከፍላለች፤ ገንዘቡ የአናኮስቲያን ወንዝ ለማጽዳት ይውላል። ሐበሻ በብዛት የሚኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝበት ሞንጎመሪ ካውንቲም እ.ኤ.አ. በ2012 ተከተለ። በዚያን ጊዜ ልጃቸውን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት እናት ከሱቅ ሒሳብ ይከፍላሉ። ገንዘብ ተቀባይዋም ሐበሻ ነች፦

«እማማ፣ ፌስታል አምስት ሳንቲም ነው፤ ልጨምርልዎት?»

«ተይው የኔ ልጅ፣ አለኝ።»

ከቦርሳቸው የሚያወጡት ፌስታል ላይ የአንድ የቦሌ ሱፐርማርኬት ስም አለ። አትላንቲክን የተሻገረው በርበሬ ጠቅልሎ ነው። ሽታው አሁንም አለ፤ ዳቦውም ያንኑ ሽታ ይዞ ወደ ቤት ይገባል። የካውንቲው ሕግ ሰውን ሊያስተምር የፈለገውን እኚህ እናት አስተማሪ ሆነው ነው የመጡት።

ይህ ሁሉ ተቋሙን ለማሞገስ አይደለም። ተቋሙ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ የጡረታ ሥርዓት የለውም። ሹመቱን ሁሉ የጨረሰው ፌስታል ቱቦ ይደፍናል፣ የቁልቋል አጥር ላይ ይውለበለባል፣ ላም ሆድ ውስጥ ገብቶ ይገድላል። አሥር ጊዜ ያገለገለውም አንዴ ያገለገለውም ቱቦው ጋ ሲደርሱ እኩል ናቸው፤ ውኃው ማዕረግ አያይም። የቀድሞው ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 513/1999፣ ይህን ለማስቀረት ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ የማይበሰብሱ ፌስታሎችን ከልክሎ ነበር። 0.03 ሚሊ ሜትርን ጉሊት ላይ የሚለካ መሣሪያ ስላልነበረ ሕዝቡ የራሱን አዘጋጀ፦ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ተከቶ ይነሣል። ከተቀደደ ሕጉ ተጥሷል፤ ካልተቀደደ ይገዛል። በዚህ ፈተና ሽንኩርት የለቀመ ሁሉ የአዋጁን መንፈስ ያውቃል።

አማራጩስ? የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ያለ ኬሚካል ከበቀለ ጥጥ የተሠራ ቦርሳ በሁሉም የአካባቢ ተጽዕኖ መለኪያዎች ከተራው ፌስታል እንዳይብስ 20,000 ጊዜ ያህል መያዝ አለበት። በየቀኑ ገበያ ብንወጣ 55 ዓመት ግድም ነው። ቦርሳው የሚገዛው እንግዲህ ለልጅ ልጅ ነው። አያቶቻችን ገበያ ይዘው የሚወጡት ከሰሌን የተሠራው ዘንቢል በዴንማርኮቹ ዝርዝር ውስጥ አልተካተተም፤ ቢካተት ውጤቱ ለጥጡ አሳፋሪ ይሆን ነበር ብለን እንገምታለን። ዛሬ በፌስታል ፈንታ በየሱፐርማርኬቱ የሚሸጥልን «የጨርቅ ፌስታል» ግን ጨርቅ አይደለም፤ አብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው። እሱም ታጥቦ፣ ታጥፎ ወደ ምስማሩ መሄድ ጀምሯል። ምስማሩ መላላቱ በመስክ ምልከታው ተረጋግጧል።

ስለ ፈጣሪውም ጥቂት እንበል። ባለ ሁለት ጆሮውን ፌስታል ሴሎፕላስት ለተባለው የስዊድን ኩባንያ የሠራው መሐንዲስ ስቴን ጉስታፍ ቱሊን ነው፤ የአሜሪካ የፈጠራ መብቱ እ.ኤ.አ. በ1965 ተመዝግቧል። ልጁ ለጋዜጠኞች እንደተናገረው፣ አባትየው ፌስታሉን ያሰበው በወረቀት ከረጢት ምክንያት ዛፍ እንዳይቆረጥ ብሎ ነበር። ሰው ደጋግሞ ይጠቀምበታል ብሎም ያምን ነበር፤ እሱ ራሱ አንድ ፌስታል አጥፎ ኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። ሰውየው ኢትዮጵያዊት እናት እንዳልነበረችው የሚያረጋግጥ ማስረጃ የለንም።

ጥናቱ የሚደርስበት ብያኔ ይህ ነው፦ አዋጁ የከለከለው የገበያ መያዣ ነው፤ የጠፋብን ግን የዝናብ ቆብ፣ የሰነድ ማኅደር፣ የኳስ ፋብሪካ፣ የሪሞት ልብስና የአውቶቡስ ድንገተኛ ሕክምና ነው። ለመጀመሪያው ዘንቢል አለ። ለቀሩት ምትክ የሚያቀርብ ኮሚቴ እስኪቋቋም ድረስ ምስማሩ ባዶ አይሆንም።

ለሁለተኛው ዙር ጥናት ናሙና ስለሚያስፈልገን፣ በተለይ ከ1999 ዓ.ም. በፊት ቤት የገቡና ዛሬም በአገልግሎት ላይ ያሉ ፌስታሎች ያሏችሁ አንባቢያን ብታመጡልን እናመሰግናለን። በምን ይዛችሁ እንደምትመጡ ግን አስቀድማችሁ ጠበቃ አማክሩ።